ቡችላን በቤት የማሠልጠን ልማድና የእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ

በአገራችን የውሻ ታሪክ በጽሑፍ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከእብደቱ ይጀምራል። በ1895 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከተመዘገቡት ቀደምት ወረርሽኞች አንዱ ሲሆን፣ ከዚያም ወዲህ ውሻ ወደ ሐኪም መዝገብ የሚገባው ነካሽ ሆኖ ነው። ከመንከሱ በፊት በማን ቤት እንዳደገና ከማን ምን እንደተማረ የሚጠይቅ ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም።

በአዊ የፈረስ ዕድል ከዚህ የተለየ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ፈረሱ ማኅበርም በዓልም አለው። በዚያው ግቢ የሚያድረው ውሻ ይህን ክብር አላገኘም፤ ትምህርቱ ግን ከፈረሱ ያነሰ አልነበረም። ጥርባን በመሰለ ገጠር ቡችላው ከጎረቤት ተለምኖ ይመጣል፤ ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ቀን ታስሮ ይውልና ሌሊት ይፈታል። ቤተሰቡን ከእንግዳ መለየት፣ በግና ጥጃ አለመንካት፣ «ጃስ» ሲባል መወርወር፣ ሲቆጡትም መመለስ ከዚያው ከደጃፉ የሚማራቸው ናቸው። ይህን «ሥልጠና» ብሎ የጠራው የለም፤ የሚያድርበት ቤት ትምህርት ቤቱ፣ ቤተሰቡም መምህሩ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

በአውሮፓ ጀርመናዊው ኮንራድ ሞስት የውሻ አሠለጣጠን መመሪያውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አሜሪካውያኑ ስኮትና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት መጽሐፍ ይመስለኛል። ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን ያስረዳሉ። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ያልዳሰሰው ቡችላ ካደገ በኋላ እጅ ይፈራል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ መንከሱ አይቀርም።

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የተነከሰውን ልጅ ከከተበ ወዲህ ሰውን ማዳን ተችሏል። የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም በስሙ በሚጠራው ሰፈር ከበግ አንጎል የሚሠራው ክትባት ለብዙ ዘመን ሲዘጋጅ ኖሯል። ይሁን እንጂ በሽታው ከምንጩ የሚገታው ከመቶ 70 ያህሉ ውሾች ሲከተቡ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ያስገነዝባል። ለመከተብ ውሻውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቱ ራሱ «እኔም አልደፍረውም» ካለ፣ ብልቃጡ ሳይከፈት ይመለሳል።

እንግዲህ የጥንቱ አስተዳደግ ሁለት መልክ አለው። ከሰንሰለት ሳይወርድ ያደገ ውሻ ለሌባ ጥሩ ዘበኛ ይሆን ይሆናል፤ ለከታቢ ግን እንደ ሌባ ሁሉ አያስጠጋም። ጉዳቱም በሰው ብቻ አይወሰንም። በባሌ ተራሮች በ1984 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1996 ዓ.ም. ቀይ ቀበሮን የፈጀው በሽታ የተዛመተው ከእረኞች ውሾች ነበር።

እረኛን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍ። በገጠር ቤት ቡችላውን የሚያቅፈው፣ ከእንጀራው ቆርሶ የሚያጎርሰውና ስም የሚያወጣለት ብዙውን ጊዜ አባወራው ሳይሆን ትንሹ እረኛ ነው። በክትባት ቀን አንገቱን አቅፎ ጸጥ ሊያሰኘው የሚችለውም ያው ልጅ ነው፤ የእኛ ማስታወቂያ ግን እስከ ዛሬ የሚጻፈው ለአባቱ ነው።