ከቮልስ የወጣው ክብ ፊደል

ቮልስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም። የቮልስን ፊደል ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

የጀርመኑ ቮልስዋገን በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አውዲን ጠቀለለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን መኪኖች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡና የሚጠግኑ ቤቶች በየአገሩ ተበተኑ። ድርጅቱ ሁሉም አንድ መልክ እንዲይዙ ፈለገ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቪ.ኤ.ጂ. የሚል የጋራ ስም ወጣ፤ ለስሙም የራሱ ፊደል ተቀረጸለት። ሥራውን የያዘው ሴድሊ ፕሌስ የተባለ የንድፍ ድርጅት ነው። ከባለሙያዎቹ አንዱ የእንግሊዝ ባቡርን ባለ ሁለት ቀስት ምልክት የሣለው ጌሪ ባርኒ ነበር። በ1979 የወጣው ፎንት ቫግ ራውንድድ ተባለ፦ ወፍራም፣ የጌጥ ጭረት የሌለው፣ ጫፉ ሁሉ እንደ ጣት የከበበ።

ክብነቱ ለውበት ብቻ አልነበረም። ሹል ማዕዘን ትክክለኛነትን ይጠይቃል፤ የሠዓሊው እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ስህተቱ ከሩቅ ይታያል። ክብ ጫፍ ግን ይቅር ባይ ነው። ከውስጥ መብራት ሲበራበትም ቅርጹ አይበላሽም፤ ብርሃን ማዕዘንን ቀድሞውንም ያደበዝዛልና። የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥልጣን በየመንደሩ ጋራዥ በር ላይ ሳይዛነፍ የተሰቀለው በዚህ ነው። ፊደሉ የዋህ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሥርዓት ማስያዝ ነበር።

ከዚያ ፊደሉ ከባለቤቱ እጅ ወጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዶቤ ለኮምፒውተር ሲያቀርበው ገዝቶ የሚጠቀም ሁሉ የራሱ አደረገው። አፕል በ2007 ባወጣቸው ቀጫጭን ኪቦርዶች ላይ ቀጭኑን ወንድሙን አተመ፤ በሌላ ፊደል መተካት የጀመረው በ2015 ነው። ቮልስዋገን ራሱ ቀደም ብሎ ትቶት ነበር። ብዙ ሰው ለዓመታት የመኪና ሻጭን ፊደል በጣቱ ሲጫን ኖሯል፤ ሳያውቀው።

ይህ እኛን የሚነካው የት ላይ ነው? ወፍራምና ክብ ፊደል በላቲን ተፈትኖ ያለፈ ስለሆነ፣ በአማርኛም ለማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲሁ ማወፈር ያጓጓል። የግዕዝ ፊደል ግን ድምፁን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ሊ» እግሯ ላይ ጭረት አላት፤ «ሌ» ደግሞ ቀለበት። አወፍረን ጫፉን ስናከብ የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ጭረቱም ያብጣል። ሣልሱና ኃምሱ ይመሳሰላሉ። «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሚ» እና «ሜ» ዕጣቸው ያው ነው። በላቲን ይቅር ባይ የነበረው ክብነት በእኛ ዘንድ አናባቢ ይበላል።

ስለዚህ ከቫግ ራውንድድ መውረስ ያለብን መልኩን ሳይሆን ጥያቄውን ነው፦ ይህን ፊደል ማን ይጽፈዋል? ከምን ያህል ርቀትስ ይነበባል? ሰሌዳ የሚያሠራ ሁሉ፣ መሥሪያ ቤትም ሆነ ሱቅ፣ ከመክፈሉ በፊት መንገዱን ተሻግሮ ቆሞ «ሊ»ን ከ«ሌ» ይለይ። ካልለየ ገንዘቡን ይያዝ።