እንቅርት፣ ጨው እና የፈጠጠ ዓይን

ዛሬ ስለ ጨው ታሪክ ትንሽ ልበላችሁ። መድረሻዬ ግን ዓይን ነው።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ እንቅርትን ከጥንት ያውቀዋል ማለት ነው። ደገኛ ነና! አዮዲን በብዛት ያለው ባሕር ውስጥ ነው፤ ከተራራ አፈር ላይ ግን ዝናብና በረዶ ለዘመናት ያጥቡታል። የእኛው ሳነቲ ከፊሉ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የበረዶ ግግር ነበር። እህሉ አዮዲን ካነሰው በላተኛውም ያንሰዋል፤ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያብጣል።

መፍትሔው አዮዲን የገባበት ጨው ነው። ይህን ጨው በአብዛኛው የምናገኘው ከኤርትራ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋና ገበያውን የአፍዴራ ጨው ያዘው፤ አዮዲን ግን አልገባበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ 100 ልጆች 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አስቡት፣ 13 ዓመት!

ታዲያ ዓይንን ምን አመጣው? አንገቱ አብጦ ዓይኑ የፈጠጠ ሰው ሲያዩ ብዙዎች «ያው እንቅርት ነው፣ ጨው ይቀይር» ይላሉ። ይሄ ሌላ በሽታ ነው። የአየርላንዱ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶው ደግሞ በ1840 ጽፈውታል፦ የአንገት እብጠት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የዓይን መውጣት። መነሻው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ዕጢውን፣ አልፎም ከዓይን ጀርባ ያለውን ሥጋ ማጥቃቱ ነው።

ስለዚህ በጨው አይድንም። በደም ምርመራ ይለያል። ዕጢውን የሚያረጋጋ ኪኒን አለ፤ ዓይኑ ሲብስ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ሲጋራ ያባብሰዋል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ቀለም ከደበዘዘ ወይም ዓይን አልከደን ካለ ቀን አይሰጥም። ከሮቤም ሆነ ከዲንሾ፣ ቶሎ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ነው።

ሌላው አፋችን ነው። «ዓይነ ፈጣጣ» የምንለው ኀፍረት የሌለውን ሰው ነው። ይሄ ሰው ግን ታሞ ነው እኮ! በሽታው ይበልጥ የሚይዘው ሴቶችን ነው። በነጠላ ተሸፋፍነው ቤት የዋሉ እህቶች ካሉ ሐኪም ጋ አድርሷቸው።

ለሌላውም ይድረስ፣ ሼር አድርጉት።