ሁለት ጊዜ የሳተ ግምት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን፣ ቻይና ኢንተርኔትን ለመቆጣጠር መሞከሯ ጄሎ የሚባለውን ለስላሳ ጣፋጭ ግድግዳ ላይ በሚስማር እንደ መምታት ነው ብለው አድማጮቻቸውን አሳቁ። ኮምፒዩተር በገባበት ሁሉ ነፃነት ተከትሎ የሚገባ መስሏቸው ነበር። ቤጂንግ ግን «ወርቃማ ጋሻ» የተሰኘውን የፖሊስ የመረጃ መረብ የጀመረችው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ ነው።

ለቻይና መንግሥት ሕዝቡን መዝግቦ መያዝ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሶንግ ነገሥታት ሹም የነበረው ዋንግ አንሺ አባወራዎችን አቧድኖ አንዱን ለሌላው ጥፋት ተጠያቂ አድርጎ ነበር። በ1958 የወጣው «ሁኮው» የተባለው የምዝገባ ሕግም ገበሬው እንዳሻው ወደ ከተማ እንዳይፈልስ አግዶታል። ኮምፒዩተሩ የደረሰው ይህ መዝገብ ተከፍቶ ሳለ ነው።

በ2014 ቻይና የ«ማኅበራዊ አመኔታ» ዕቅዷን ስታወጣ ደግሞ ምዕራባውያን ወደ ሌላው ጫፍ ዞሩ፤ እያንዳንዱ ቻይናዊ ከአንድ ማሽን ነጥብ ይሰጠዋል ተባለ። እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ነጥብ ግን አልነበረም። የነበረው እንደ ሮንግቼንግ ባሉ ከተሞች የተደረገ ሙከራ፣ እንዲሁም ፍርድ ቤት የወሰነባቸውን ዕዳ ያልከፈሉ ሰዎች አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የሚያግድ ጥቁር መዝገብ ነው።

ዓለም በሌለው ነጥብ ሲደናገጥ፣ በሺንጂያንግ ኡይጉሮች በየኬላው ፊታቸውና ስልካቸው እየተፈተሸ፣ ብዙዎች ያለ ፍርድ ወደ ማጎሪያ ይጋዙ ነበር። በሌላ በኩል ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 እንዳጋለጠው አሜሪካም የሚሊዮኖችን የስልክ መዝገብ ስትሰበስብ ኖራለች። እንግዲህ በየትም አገር ቢሆን መጠየቅ ያለበት፣ መዝገቡን የያዘው ማን ነው? የተመዘገበውስ አቤት የሚለው ለማን ነው? የሚለው ነው።