ዓለማየሁ እሸቴ

ዓለማየሁ እሸቴ አንዳርጌ (ሰኔ 1933 – ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ነበር። ሙያውን በፖሊስ ኦርኬስትራ ጀምሮ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት ባስቀረጻቸው ሸክላዎች ታዋቂ ሆነ። ከሥራዎቹ መካከል «ተማር ልጄ»፣ «አዲስ አበባ ቤቴ»፣ «ትማርኪያለሽ» እና «እስከ ጊዜው በርቺ» ይገኙበታል። በወጣትነቱ የአሜሪካዊውን የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች ስለሚጫወትና በጸጉር አያያዙም በአለባበሱም እርሱን ስለሚከተል «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ስለ ችሎታውና ስለ ትሩፋቱ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው ከዚህ ቅጽል ስም ይጀምራል። ዓለማየሁ የሌላ አገር ዘፋኝ ቅጂ ነበር? ወይስ ከውጭ የሰማውን ወስዶ ሌላ ነገር የሠራ ድምፃዊ?

የዘመኑ ሁኔታ

ዓለማየሁ መዝፈን ሲጀምር የነሐስ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ጆሮ አዲስ አልነበረም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው ነበር። «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ አስተማሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተጠናክረው ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን ከአማርኛ ዜማ ጋር ተላመዱ። በዚያ ዘመን ድምፃዊም ሆነ ተጫዋች ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው የእነዚህ ተቋማት ባልደረባ ሲሆን ነበር።

የአሜሪካ ሙዚቃ ወደ አገር ውስጥ የገባው በብዙ በር ነው። አስመራ የነበረው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ቃኘው ስቴሽን የራሱ ራዲዮ ጣቢያ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በመምህርነት ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ተሰማሩ፤ ሸክላዎቻቸውንም ይዘው መጡ። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም የአሜሪካን ፊልም ያሳዩ ነበር። ስለዚህ የኤልቪስን ዘፈን የሚያንጎራጉር የከተማ ተማሪ ማግኘት ብርቅ አልነበረም። ዓለማየሁን ለየት ያደረገው ይህን ልማድ ይዞ ወደ መድረክ መውጣቱ ነው።

የሙዚቃ ሕይወት

ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ መዝፈን ጀመረ። «ሴኡል» የተባለው ዘፈን ከመጀመሪያ ታዋቂ ሥራዎቹ አንዱ ነው። በኋላ ዘመን በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ላይ እንደ አሜሪካዊ እየለበሰና ጸጉሩን እያሳደገ የኤልቪስን ዘፈኖች ይጫወት ነበር፤ እውቅናው ከፍ ያለው ግን በአማርኛ መዝፈን ከጀመረ በኋላ ነው።

በሸክላ ሥራ ረገድ ወሳኙ ዓመት 1969 (እ.ኤ.አ.) ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ወጣቱ የሙዚቃ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሲሆን፣ በአንዱ ገጽ «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው ደግሞ «ያ ታራ» የተባሉትን ዘፈኖች ይዞ ሕንድ አገር ታትሞ መጣ። የሁለቱ ሰዎች የአባት ስም አንድ ቢሆንም ወንድማማቾች አይደሉም። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎችን አሳትሟል።

ዓለማየሁ ሠላሳ ያህል ሸክላዎችን አስቀርጿል። ከፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ጋርም «ዓለም-ግርማ ባንድ» የተባለ ቡድን መሥርተዋል። በዘመኑ ሸክላው በሁለቱ ገጾች አንዳንድ ዘፈን የሚይዝ ባለ 45 ዙር በመሆኑ ዘፈኑ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ ነበረበት። በየመድረኩ የሚረዝመውን ጨዋታ ወደ አጭር መግቢያ፣ ወደ ጠንካራ አዝማችና ወደ ፈጣን መዝጊያ ማሳጠር የግድ ነበር። የዓለማየሁ ሸክላዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን ሥራ አዳከመ፤ የሸክላ ኅትመትም ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ሄደ። ግርማ በየነ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ ለረጅም ዓመታት እዚያው ቆየ። ዓለማየሁ ግን አዲስ አበባን አልለቀቀም። በደርግ ዘመን አርቲስቶች ሥርዓቱን የሚያወድሱ ዘፈኖችን እንዲዘፍኑ ይታዘዙ ነበር፤ ዓለማየሁም ለሰሜን ኮሪያው መሪ ለኪም ኢል ሱንግ በኮሪያ ቋንቋ እንዲዘፍን ታዝዞ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ ቃላቱን በቃሉ አጥንቶ እንደዘፈነ ተናግሯል።

ስለ ችሎታውና ስለ ትሩፋቱ ያለው ክርክር

ቅጂ ወይስ ፈጠራ?

አንደኛው ወገን ዓለማየሁን የሚመለከተው የውጭ ፋሽን እንዳመጣ ሰው ነው። ጸጉሩ፣ ልብሱ፣ በመድረክ ላይ መወዛወዙና ጩኸቱ ከኤልቪስ፣ በኋላም ከጀምስ ብራውን የተወሰደ ነው ይላል። ይህ አስተያየት ባዶ አይደለም፤ ድምፃዊው ራሱም አልካደውም።

ሁለተኛው ወገን የሚመልሰው ሸክላዎቹን በማሰማት ነው። አብዛኞቹ ዜማዎች የቆሙት በአምስት ድምፅ በተዋቀሩት የኢትዮጵያ ቅኝቶች ላይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የሮክ ኤንድ ሮል መሠረት ከሆነው የብሉዝ አካሄድ የተለየ የድምፅ ርቀት አላቸው። አንድ ድምፃዊ የጀምስ ብራውንን ጩኸት ሊኮርጅ ይችላል፤ ያንን ጩኸት በትዝታ ወይም በባቲ ዜማ ውስጥ ቅኝቱ ሳይሰበር ማስገባት ግን ከማንም ሸክላ ተቀድቶ የሚገኝ ነገር አይደለም። የአማርኛ ቃላት የሚጠብቁና የሚላሉ ድምፆች ስላሏቸው ቃሉን ከፈጣን የከበሮ ምት ጋር ማስማማትም የራሱ ብልሃት ያስፈልገዋል።

ችሎታው የማን ነው?

ሌላው ጥያቄ ምስጋናው ለማን ይገባል የሚል ነው። በአገራችን አዝማሪ የሚመዘነው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በቦታው ግጥም በማውረዱ ነው። ሰምና ወርቅ በሚወደድበት በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢ፣ ገጣሚውም ዜማ አውጪውም ድምፃዊውም አንድ ሰው ነው። በከተማው ኦርኬስትራ ግን ሥራው ተከፋፈለ፤ አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ ሌላው ዜማ ይደርሳል፣ ሦስተኛው ያቀናብራል፣ ድምፃዊው ይዘፍናል። በአዝማሪ መለኪያ ለሚመዝን ሰው የሌላን ግጥም የሚዘፍን ድምፃዊ ጎዶሎ ሊመስል ይችላል።

የዓለማየሁ ሸክላዎች ኃይል ከፊሉ የአቀናባሪው እንደሆነ አይካድም። የነሐስ መሣሪያዎቹ ጥያቄና መልስ፣ የኦርጋኑ አጫጭር ሐረጎችና የቤዝ ጊታሩ ተደጋጋሚ መስመር የግርማ በየነንና የሌሎች ሙዚቀኞችን እጅ ያሳያሉ። የድምፃዊው ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። ዓለማየሁ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከንግግር ወደ ዜማ፣ ከልመና ወደ ጩኸት ይሸጋገራል፤ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይዘፍናል። ረጅም እንጉርጉሮና ድምፅ ማርገብገብን የሚወድ አድማጭ ጥላሁን ገሠሠን ወይም ማሕሙድ አህመድን ሊያስቀድም ይችላል። ይህ የምርጫ ልዩነት ነው፤ ዓለማየሁ በድምፁ የሚሠራው ነገር ከእነርሱ የተለየ በመሆኑ በአንድ ሚዛን ማወዳደር ያስቸግራል።

ሁለት ዓይነት አድማጭ

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መውጣት ሲጀምር የዚያ ዘመን ሸክላዎች በአውሮፓና በአሜሪካ አዲስ አድማጭ አገኙ። ዘጠነኛው ቅጽ (2001 እ.ኤ.አ.) ሙሉ በሙሉ ለዓለማየሁ የተሰጠ ሲሆን፣ ሃያ ሁለተኛውም የእርሱን ሥራዎች የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ከተጠቀመ በኋላ ፍላጎቱ ጨመረ።

አማርኛ የማይሰማው አድማጭ በእነዚህ ሲዲዎች ውስጥ የሚያገኘው ነሐሱን፣ ቤዙንና ጩኸቱን ነው፤ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለው ስምም መግቢያ ይሆነዋል። በአገር ውስጥ ግን ዓለማየሁ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው በ«ተማር ልጄ» ነው። ይህ ዘፈን ለልጅ የሚሰጥ ምክር ነው፤ የመማርን ጥቅም ያስረዳል። በውስጡ የሮክ ኤንድ ሮል ወጣት አመፅ የለም። እንዲያውም የሚናገረው ወላጅ ነው። ኤልቪስ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚከለክሉት ዘፋኝ ሆኖ ሲነሣ፣ «ኤልቪስ» የተባለው ኢትዮጵያዊ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያሰሙትን ዘፈን ተወ። ቅጽል ስሙ የማይሸፍነው የሥራው ክፍል ይህ ነው።

ከኤልቪስ ክርክር ጋር ሲነጻጸር

ተመሳሳይ ክርክር በኤልቪስ ፕሪስሊ (1935–1977 እ.ኤ.አ.) ላይም አለ። ኤልቪስ የራሱን ዘፈን የሚደርስ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 በሜምፊስ ያስቀረጸው የመጀመሪያ ሸክላው «ዛትስ ኦል ራይት» ቀደም ሲል በጥቁር አሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ በአርተር ክሩደፕ የተዘፈነ ነው። «ሃውንድ ዶግ»ንም ከእርሱ በፊት የዘፈነችው ጥቁሯ ዘፋኝ ቢግ ማማ ቶርንተን ናት፤ የዘፈኑ ደራሲዎች ግን ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የተባሉ ሁለት ነጭ ወጣቶች ነበሩ። ቸክ ቤሪን የመሰሉ የራሳቸውን ዘፈን የሚጽፉ ጥቁር አቅኚዎች እያሉ «ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ ለኤልቪስ መሰጠቱን የሚቃወሙ ብዙዎች ናቸው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ብሉዝን፣ የገጠር ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን መዝሙርን በአንድ ድምፅ ማዋሐዱን ይጠቅሳሉ።

ሁለቱ ክርክሮች የሚመሳሰሉት «ያልደረሰ ሰው ፈጣሪ ሊባል ይችላል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የሚለያዩት ደግሞ በፍትሕ ጥያቄው ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች በሕግ በተገለሉበት ዘመን የእነርሱን ሙዚቃ የዘፈነ ነጭ እነርሱ ያላገኙትን ገበያ አግኝቷል። ዓለማየሁ ግን ከሩቅ የመጣ ሙዚቃን በራሱ ቋንቋ ለራሱ ሕዝብ አቀረበ፤ በዚህም ከክሩደፕም ሆነ ከኤልቪስ የቀማው ገበያ የለም። ስለዚህ «ኤልቪስ» የሚለው ስም በኤልቪስ ላይ የሚቀርበውን ወቀሳ ጭምር ወደ ዓለማየሁ ሊያዞር አይገባም።

የመጨረሻ ዓመታት

ዓለማየሁ በዕድሜ ከገፋ በኋላም መድረክ አልተወም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ከማሕሙድ አህመድና ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ጋር ኒው ዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር የውጭ መድረክ ላይ ቀርቧል፤ «አይዘር/ኦርኬስትራ» የተባለው የአሜሪካ ባንድም በዝግጅቱ ላይ ተጫውቷል። ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በ80 ዓመቱ አረፈ። የመጀመሪያ ሸክላውን ያሳተመለት አምሃ እሸቴም ያረፈው በዚያው 2013 ዓ.ም. ነው።

ዜናውን የዘገቡ የውጭ መገናኛ ብዙኃን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለውን ስም አስቀድመዋል። ሥራውን ለማጥናት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ስም ይልቅ ሁለት ዘፈኖችን አቀራርቦ ቢያዳምጥ ይበልጥ ይጠቀማል፤ «ትማርኪያለሽ» ከውጭ ምን እንደወሰደ፣ «ተማር ልጄ» ደግሞ በወሰደው ምን እንደሠራበት ያሳያሉ።