በጉባኤ ተነግሮ የቀረ ጥናት

የሐኪሞች ዓመታዊ ጉባኤ ሲቃረብ፣ የጥናት ማስገቢያው ቀን ሊያልፍ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ በየሆስፒታሉና በየሕክምና ትምህርት ቤቱ አንድ ዐይነት ሥራ ይሠራል። የአንድ ዓመት ወይም የአምስት ዓመት ድካም ከጥቂት መቶ በማይበልጡ ቃላት ይጨመቃል፤ ዓላማው፣ ዘዴው፣ ውጤቱና መደምደሚያው በአንዲት ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያም ለጉባኤው የሳይንስ ኮሚቴ ይላካል። አኅጽሮተ ጥናት የምትባለውን ይህችን ገጽ ብዙዎች እንደ መግቢያ ትኬት ይቆጥሯታል። ተቀባይነት ካገኘች ባለቤቷ ወደ መድረክ ይወጣል፤ ካላገኘች ቤቱ ይቀራል። የሴቶች ጤና ሕክምና ያለፈባቸው ሰባ ዓመታት ሲመረመሩ ግን፣ ገጿ ይበልጥ የምትመስለው የብድር ሰነድ ነው። አበዳሪዎቹም በጥናቱ የተካፈሉት ሴቶች ናቸው።

በጉባኤ ፊት ጥናት የማንበቡ ልማድ ከአኅጽሮተ ጥናት ይቀድማል። የማኅበራት አባላት ጥቂት በነበሩበት ዘመን አንዱ ሐኪም ተነሥቶ ሙሉ ጽሑፉን ያነብባል፣ ባልደረቦቹ ይከራከሩታል፣ ጽሑፉም ከነክርክሩ በመጽሔት ይታተማል። ዓለም አቀፉ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ1954 ጄኔቭ ላይ ከተመሠረተ በኋላ ግን (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጉባኤዎች እየሰፉ፣ ተናጋሪዎችም እየበዙ ሄዱ። ሁሉን ጽሑፍ አንብቦ መምረጥ አዳጋች ስለ ሆነ፣ ጨመቁን አይቶ መምረጥ ግድ ሆነ። ይህ ለአዘጋጆች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይዞት የመጣው ጉዳት የታየው ዘግይቶ ነው።

ለቀደመው ሥርዓት በ1953 የአሜሪካ የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበው ጥናት ጥሩ ምስክር ነው። በ1938 በእንግሊዝ አገር የተቀመመው ዳይኢታይልስቲልቤስትሮል የተባለ ሰው ሠራሽ ሆርሞን፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ጽንስ እንዳይጨነግፍ እየተባለ ለእርጉዞች ይታዘዝ ነበር። የቺካጎው ሐኪም ዊልያም ዲክማንና ባልደረቦቹ 1,646 እርጉዞችን ለሁለት ከፍለው፣ ለ840ዎቹ መድኃኒቱን፣ ለ806ቱ መልኩ የሚመስል ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ። መድኃኒቱ ጽንስ ከመጨንገፍ አለማዳኑን ለጉባኤው አስረዱ፤ ጥናቱም በዚያው ዓመት ሙሉው ታተመ።

ይሁን እንጂ ሐኪሞች መድኃኒቱን ማዘዛቸውን አልተዉም። አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በ1971 አርተር ኸርብስትና ሁለት ባልደረቦቹ በቦስተን ስምንት ወጣት ሴቶች ላይ በዚያ ዕድሜ ከቶ የማይጠበቅ የብልት ካንሰር አግኝተው የእናቶቻቸውን ታሪክ ቢጠይቁ፣ ከስምንቱ እናቶች ሰባቱ ያንኑ ሆርሞን በእርግዝና ጊዜ ወስደው ተገኙ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ1978 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች የዲክማንን የ1953 ጽሑፍ እንደገና አንሥተው ቁጥሮቹን ቢያሰሉ፣ መድኃኒቱ አለመርዳቱ ብቻ ሳይሆን ውርጃንና ያለ ጊዜ መወለድን እንዳባባሰ የሚያሳይ መረጃ ከዚያው ውስጥ አገኙ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ይህን ማድረግ የተቻለው ሰንጠረዦቹ በሙሉ ታትመው ስለ ነበረ ነው። ከዲክማን ጥናት የቀረን አንድ አንቀጽ ጨመቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ «መድኃኒቱ አልጠቀመም» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ሌላ የሚመረመር ነገር ባልተገኘ ነበር። በዚያ ጥናት ከተካፈሉት ሴቶች መካከል፣ በሙከራ ውስጥ መሆናችን አልተነገረንም ብለው በ1970ዎቹ መጨረሻ ፍርድ ቤት የቆሙ እንደ ነበሩም መረሳት የለበትም። ብድሩ ሳይጠየቁ የተወሰደባቸው ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው በኒው ዚላንድ ነው። በኦክላንድ ከተማ የማኅፀን ሐኪሙ ግራሃም ሊጊንስ ምጥ እንዴት እንደሚጀምር በበጎች ላይ ሲመረምር፣ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በሕይወት ሊቆይ የማይገባው ግልገል ሲተነፍስ አገኘ። ለጽንሱ የተሰጠው ኮርቲኮስቴሮይድ ሳንባውን ቀድሞ ሳያበስለው እንዳልቀረ ገመተ። ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር ሆኖም ያለ ጊዜያቸው ይወልዳሉ ተብለው በተጠበቁ 282 እናቶች ላይ የንጽጽር ሙከራ አደረገ። በ1972 በታተመው ውጤት መሠረት፣ እናቶቻቸው ቤታሜታዞን ከተወጉት ጨቅላዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት ከመቶ 3.2 ሲሆኑ፣ ካልተወጉት ግን ከመቶ 15 ነበሩ። መርፌው ርካሽ ነው፤ አሰጣጡም ቀላል ነው።

ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ተመሳሳይ ሙከራዎች ተካሄዱ። አንዳንዶቹ አነስተኛ ስለ ነበሩ ለብቻቸው ሲታዩ የሚያሳምን ነገር አልነበራቸውም። በብሪታንያ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ትልቅ ሙከራ ሙሉ ዘገባው የወጣው በ1989 ነው፤ በዚያ ሙከራ ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዘገባው ሲታተም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ ነበር። መረጃው ተበታትኖ በቆየባቸው ዓመታት ሐኪሙ በየአገሩ ተጠራጣሪ ሆኖ ቆየ። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ስብሰባ መድኃኒቱ በሰፊው እንዲሰጥ ሲመክር፣ ክብደታቸው ከ1,500 ግራም የማይበልጥ ጨቅላዎችን ከሚወልዱ እናቶች መካከል መርፌውን ያገኙት ከመቶ ከ12 እስከ 18 የሚሆኑት ብቻ እንደ ነበሩ ተገምቷል። ከሊጊንስና ከሃዊ ዘገባ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ መዘግየት የሞቱት ሕፃናት በአሥር ሺሕዎች እንደሚቆጠሩ ይታመናል።

የተበተነውን የሰበሰቡት በኦክስፎርድ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አርቺ ኮክራን በ1979 በጻፈው ጽሑፍ፣ ከሕክምና ዘርፎች ሁሉ በማስረጃ ላይ ባለመመሥረት የመጨረሻው የማኅፀንና የጽንስ ሕክምና ነው ብሎ «የእንጨት ማንኪያ» ሸለመው፤ በእንግሊዞች ዘንድ ይህ ለጭራው የሚሰጥ የመሳለቂያ ሽልማት ነው። ኢየን ቻልመርስና ባልደረቦቹ በስድቡ ተናድደው አልቀሩም። በእርግዝና፣ በወሊድና በጨቅላ ሕፃናት ዙሪያ የተደረጉትን የንጽጽር ሙከራዎች መጽሔት በመጽሔት፣ ገጽ በገጽ እየገለጡ መዘገቡ። የታተመው ብቻ እንደማይበቃም ስለ ተረዱ፣ በ18 አገሮች ለሚገኙ 42,000 የማኅፀንና የሕፃናት ሐኪሞች «ያላሳተማችሁት ሙከራ አላችሁን?» ብለው ጻፉ። በ1989 እንደ ተዘገበው፣ በዚህ ሁሉ ድካም የታወቁት ያልታተሙ ሙከራዎች 395 ብቻ ናቸው። ከዚያም ውስጥ ብዙዎቹ ገና በመካሄድ ላይ የነበሩ ወይም በቅርብ ያለቁ ሲሆኑ፣ ከቆዩት ጥቂቱ ብቻ ተገኘ። አንድ ጥናት ከቀረበ በኋላ ባለቤቱ ዝም ካለ፣ በደብዳቤ ብዛት ሊመለስ አለመቻሉ በዚህ ታወቀ።

የሥራው ፍሬ በዚያው በ1989 ሁለት ወፋፍራም ቅጾች ሆኖ ወጣ። ኮክራን በ1988 ከመሞቱ በፊት ለመጽሐፉ በጻፈው መቅድም የእንጨት ማንኪያውን ስድብ አንሥቷል። በስሙ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ዛሬም ዓርማ ያደረገው ስለዚያ መርፌ የተደረጉትን የሰባት ሙከራዎች ሥዕል ነው።

በጉባኤ የሚቀርበው ሁሉ ስንቱ ይታተማል? በ2018 የወጣ የዚሁ ድርጅት ግምገማ በልዩ ልዩ የሕክምና ጉባኤዎች የቀረቡ 307,028 አኅጽሮተ ጥናቶችን ከተከታተሉ 425 ዘገባዎች ተነሥቶ፣ እስከ ሙሉ ጽሑፍ የደረሱት ከመቶ 37.3 ብቻ መሆናቸውን አስልቷል። መልካም ውጤት ያላቸው ጥናቶች ከሌሎቹ ይልቅ የመታተም ዕድል አላቸው። ለምን አላሳተማችሁም ተብለው የተጠየቁ አቅራቢዎች ዘወትር የሚሰጡት ምክንያትም የመጽሔት አዘጋጆች እንቢታ አይደለም፤ «ጊዜ አጣሁ» የሚል ነው። ሌሊቱን በተረኛነት ለሚያሳልፍ ሐኪም ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለጉባኤው የመጨረሻ ቀን ያገኘውን ጊዜ ለሙሉው ጽሑፍ ያጣበት ምክንያት ሊያሳስበው ይገባል። ገጿን ለማሻሻልም ተሞክሯል፤ ከ1987 ጀምሮ በንዑስ ርእስ የተከፋፈለ ጨመቅ በመጽሔቶች ተለመደ፣ በ2008 ደግሞ ስለ ንጽጽር ሙከራ የሚጻፍ ጨመቅ የተካፋዮችን ቁጥርና ጉዳቱን ጭምር እንዲገልጽ መመሪያ ወጣ። የጨመቁ ቅርጽ መሻሻሉ ግን የሙሉውን ዘገባ ቦታ አይተካም።

መዘግየቱ ለአፍሪካ ሌላ ዋጋ ነበረው። የቀደሙት ሙከራዎች በአብዛኛው በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች የተካሄዱ ስለ ነበሩ፣ በ2015 ኬንያንና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት አገሮች በማኅበረሰብ ደረጃ የተደረገ ጥናት መርፌው የጨቅላዎችን ሞት አለመቀነሱን፣ በጠቅላላው ሕዝብ መካከልም መጨመሩን ሲገልጥ፣ ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች 2,852 እናቶችን ይዞ ዳግመኛ መረመረ። በ2020 በታተመው ውጤት፣ የእርግዝናው ዕድሜ በሚገባ በሚታወቅበትና ለጨቅላው እንክብካቤ ባለበት ሆስፒታል የሞቱት ከመቶ 19.6 ሲሆኑ፣ መርፌውን ካላገኙት ወገን 23.5 ሆኑ። ሁለቱም ጥናቶች ሙሉ በሙሉ በመታተማቸው ልዩነታቸው የት እንደ ሆነ ማንኛውም ሐኪም ሊመዝን ይችላል።

በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት መታተም የጀመረው በ1962 ነው። የኢትዮጵያ የጽንስና የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር በ1992 ከተቋቋመ ወዲህም አባላቱ በየዓመቱ ጥናት የሚያቀርቡበት ጉባኤ ተለመደ። ከዚያ አስቀድሞ ግን፣ በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ የጀመሩት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን፣ በምጥ ብዛት የሽንት ቧንቧቸው ፈጽሞ የወደመባቸውን ሴቶች በቀዶ ሕክምና ለማከም ዘዴ አበጅተው ነበር። እነዚያ ሴቶች ከየገጠሩ ብዙ መንገድ ተጉዘው የመጡ፣ ብዙዎቹም ከቤታቸው የተገለሉ ነበሩ። ባልና ሚስቱ ዘዴውን ለራሳቸው አልያዙትም፣ በስብሰባ ተናግረውም አልተዉትም፤ ሌላ ቀዶ ሐኪም ሊከተለው በሚችል መንገድ ጽፈው በ1969 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ጽሑፉ በወጣ ጊዜ የአገሪቱ የጽንስና የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር ሊመሠረት ገና ሃያ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር።