የማይታደሰው ክር፦ ልም አጥንትን የመረመሩ ሁለት ክፍለ ዘመናት ተኩል

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1743 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጽሑፍ ሲያቀርብ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ጉዳዩ የአጥንቶችን ጫፍ በመገጣጠሚያ ላይ የሚለብጠው ልም አጥንት፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት ነው። ሀንተር ክሮቹን መርምሮ ከአጥንቱ ላይ ቀጥ ብለው፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጉር ተጠጋግተው መቆማቸውን ጻፈ። እዚያው ላይ ሐኪሞች ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ የሚስማሙበትን አንድ መራራ ሐቅ አሰፈረ፤ ልም አጥንት አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ለምን? ጥያቄው ከሀንተርም ዕድሜ በላይ ኖረ።

ቀጥሎ ነገሩን ወደፊት የገፋው መሣሪያ ወስፌ ነው። ስዊድናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሁልትክራንትስ በ1898 ባሳተመው ጥናት የልም አጥንቱን ገጽ ቀለም በተነከረ ወስፌ እየወጋ ምልክቱን ተመለከተ። ወስፌው ድቡልቡል ነው፤ የተወው ቀዳዳ ግን ድቡልቡል አልሆነም። በወጋበት ሁሉ ጠባብ ስንጥቅ ቀረ። ቀለሙ የገባባቸው ስንጥቆች ተከታትለው መስመር ሠሩ፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያም የራሱ የመስመር አቅጣጫ አለው። ገጹ ላይ ያሉት ክሮች ተጋድመዋል ማለት ነው። ሀንተር ደግሞ ቆመዋል ብሎ ነበር።

ሁለቱን ያስታረቃቸው ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ቤኒንግሆፍ ነው። በ1925 ስስ ቁራጮችን በፖላራይዝድ ብርሃን አይቶ ክሮቹ ከአጥንቱ ቀጥ ብለው እንደሚወጡ፣ ወደ ላይ ሲጠጉ እንደሚጎብጡ፣ ገጹ ላይ ተጋድመው ተመልሰው እንደሚወርዱ አሳየ። ይህ የቅስት ሥዕል ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለ። እኔ ግን ከልክ በላይ ያማረ ይመስለኛል፤ በኋላ የመጣው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመሐለኛው ሽፋን የተመለከተው ሥርዓቱ የላላ፣ የተጠላለፈ ክር ነውና።

ክሩ ራሱ ከምን እንደተሠራ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሳይንቲስቶቹ ራማቻንድራንና ካርታ በ1954 ከህንድ ማድራስ የክሩ ፕሮቲን፣ ኮላጅን፣ በሦስት ሰንሰለቶች የተገመደ መሆኑን ጻፉ። ከየሦስቱ አሚኖ አሲድ አንዱ ግላይሲን ነው፤ በጠባቡ የግምዱ መሐል የሚገባ ከእሱ ሌላ ትንሽ የለም። እስከ 1969 ድረስ ደግሞ ኮላጅን ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት ተመራማሪዎቹ ሚለርና ማቱካስ ከጫጩት ልም አጥንት የተለየውን ዓይነት አገኙ። ዓይነት ሁለት ይባላል፤ ከመገጣጠሚያ ልም አጥንት ኮላጅን ከ90 በመቶ በላዩ እሱ ነው።

የኮላጅኑ ሥራ ምንድን ነው? ከልም አጥንት ክብደት ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ውሃውን የሚስበው አግሪካን የተባለ፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ግዙፍ ሞለኪውል ነው። ስለዚህ ልም አጥንት ሁልጊዜ ማበጥ ይፈልጋል፤ የኮላጅኑ መረብ ደግሞ አታብጥም ብሎ ይይዘዋል። ክር ሲጎተት እንጂ ሲጫኑት ጉልበት የለውም። ስንራመድ የሚያርፍብንን ጫና በመጀመሪያ የሚሸከመው በመረቡ የታፈነው ውሃ ነው። ልም አጥንትን የሚያበላሸው የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የኦስቲዮአርትራይተስ፣ ጅማሬ ላይ መረቡ ሲበጣጠስ ልም አጥንቱ ይደርቃል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ እውነታው ተቃራኒው ነው፣ ውሃው ይጨምራል፣ ልም አጥንቱም ይልፈሰፈሳል።

ለሀንተር ጥያቄ አንዱ መልስ የታወቀ ነው፤ ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ሌላው መልስ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ፣ ከኑክሌር ቦምብ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተደረጉት ሙከራዎች የከባቢ አየሩን ካርቦን 14 በእጅጉ ከፍ አደረጉት፤ ሙከራው ሲቆም መጠኑ በዝግታ ወረደ። በዚያ ዘመን የተሠራ የሰውነት ክፍል የየዓመቱን መጠን ይዞ ይቀራል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2016 የጉልበት ልም አጥንትን በዚህ ለክተው ኮላጅኑ በልጅነትና በጉርምስና የተሠራው ራሱ ሆኖ አገኙት። በጤነኛውም በታመመውም ጉልበት ውስጥ፣ ሰውየው ካደገ በኋላ የተተካ ኮላጅን የለም ለማለት ይቻላል። አግሪካን ግን ይታደሳል።

የጠፋውን ልም አጥንት ለመመለስም ተሞክሯል፤ የስዊድን ሐኪሞች በ1994 የሕመምተኛውን የልም አጥንት ህዋሳት አባዝተው ወደ ጉልበቱ መመለሳቸውን አሳትመው ነበር። ብዙዎች ተሽሏቸዋል። የሚበቅለው ልም አጥንት ግን ብዙ ጊዜ ጠባሳ መሰል ነው፤ ክሮቹም በሚገባቸው አቅጣጫ አይሰለፉም። በዱቄት የሚሸጠው ኮላጅንማ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ቁርጥራጭ ይሆናል፤ ጎልማሳ ጉልበት ውስጥ እንደገና መረብ ይሠራል የሚለው ማስታወቂያ ከ2016ቱ ግኝት ጋር አይገጥምም።