ጥርኝ ውሃና 78 ነፍስ

ተመልካች ለነፍሰ ገዳይ ስለምን ይራራል? ጥያቄው ከሲኒማ ጋር የተወለደ ይመስላል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍና ሥዕል ይህንኑ ጉዳይ ካነሡ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ለዚህም ዋናው ምስክር በተአምረ ማርያም የሚገኘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው ምእት ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መባቻ በነገሡት በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው። ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ መጽሐፉ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አድርገዋል። ከጎንደር እስከ ቦንጋና ዋጫ፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል የካቲት 16 ቀን በሚከበርበት ሁሉ የበላዔ ሰብእ ስም ይነሣል።

የቅምር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበረ። ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጁን እንዲያርድ አሳተው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በላ። አንድ ቀን ግን ውሃ የጠማው ቁስለኛ በድንግል ማርያም ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ከሞተ በኋላ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ ውሃ በሌላው ወገን ተመዘኑ። ድንግል ማርያም በጥላዋ ብትጋርዳት ውሃዪቱ ሚዛን ደፋች።

የተራኪው ብልሃት በሦስት ነገር ይታያል። በላዔ ሰብእ አጥፊ ከመሆኑ በፊት የተታለለ ደግ ሰው ሆኖ ይቀርባል፤ በክፋቱ መካከል አንዲት የርኅራኄ ሥራ ይሠራል፤ በመጨረሻም ዕጣው በሚዛን ላይ ይንጠለጠላል። በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ሥዕሉን የሚያይ ምእመን ለበላተኛው መዳንን ይመኛል።

አልፍሬድ ሂችኮክም በ1960 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ባቀረበው «ሳይኮ» ፊልም በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በሮበርት ብሎክ ልብ ወለድ ውስጥ ወፍራምና ጎልማሳ የነበረውን ኖርማን ቤትስን፣ ቀጭንና ዓይን አፋር ወጣት አድርጎ ለአንቶኒ ፐርኪንስ ሰጠው። ኖርማን የተገደለችውን ሴት ሬሳ ከነመኪናዋ ወደ ረግረግ ሲያሰጥም መኪናው በመካከል ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ እንዲሰጥም ይመኛል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ያዘነላትንም ሴት ይዘነጋል። የቆመው መኪናና የተንጠለጠለው ሚዛን አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ ተመልካቹን ሳያስበው ከአጥፊው ወገን ያሰልፉታል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ርኅራኄው ለገዳዩ ሲያደላ ሟቾቹ ይረሳሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሥራዎች ሙታንን ከነጭራሹ አይሰውሩም። የሂችኮክ ፊልም የሚያበቃው መኪናው ከረግረጉ ተጎትቶ ሲወጣ ነው። ተአምሩም ምሕረቱን ሲያውጅ ቁጥሩን አይቀንስም። ውሃዪቱ ሚዛን ደፋች ቢባልም በወዲያኛው ወገን ያሉት ነፍሳት ዛሬም 78 እየተባሉ ይቆጠራሉ። ኪነ ጥበብ ለክፉ ሰው እንድንራራ ሲጋብዘን ልናየው የሚገባ፣ ይህ ቁጥር ከሚዛኑ መውረድ አለመውረዱን ነው።